ሁለት ረከዓ የፈጀው ፎቶ

ኮሎምበስ ያለ ሐበሻ ዘካርያስን የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፤ ካሜራ ይዞ ይዞራል፣ ሰው ግን አያነሳም። ክርስትና ይጠሩታል፣ ልደት ይጠሩታል፤ አንድ ጊዜማ የሰርግ ፎቶግራፈር በበረዶ ምክንያት መንገድ ላይ ቀርቶባቸው ሙሽሮቹ ራሳቸው ደውለው ለምነውታል። መልሱ ያው ነው። «እኔ እኮ ውኃ ነው የማነሳው» ይላል አንገቱን ደፍቶ። ይህ ምክንያት ውኃ አያነሳም ተብሎ በየቤቱ ተሳቀበት። እሱም አብሮ ፈገግ ብሎ ወደ ውኃው ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር ሰው ይፈራል። ሰው ፊት ካሜራ ሲደግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለት ያሳፍረዋል። ውኃ ግን ጸጉሩን አያስተካክልም፣ «አሳየኝ እስቲ» አይልም፣ አይቸኩልም። ሂልቶፕ ሰፈር የተከራየው ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ፣ ግድግዳው ሁሉ ውኃ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የተነሣ፣ ግራጫና ሰማያዊ የሆነ፣ አንድም ሰው የሌለበት ውኃ።

አነሳሱም የራሱ ነው። ሌንሱ ላይ ጥቁር መስታወት ይገጥማል። በዚያ መስታወት በኩል ብርሃን የሚገባው እየተንጠባጠበ ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ብዙ መቆየት አለበት። እስከዚያ ድረስ ማዕበሉ ስንት ጊዜ መጥቶ ይመለሳል፤ ፎቶው ላይ ግን መምጣቱም መመለሱም ይጠፋና ባሕሩ ጉም የተነጠፈበት ሜዳ መስሎ ይወጣል። ዘካርያስ ለዚህ ሥራ ሰዓት አይዝም። አባታችን ሆይን በልቡ ቀስ እያለ ይደግማል። ድፍን ጨለማ ከሆነ ብዙ ጊዜ፣ ሰማዩ ወገግ ካለ ጥቂት ጊዜ። ስልኩንም ብርሃኑና ጥሪው እንዳይረብሸው መኪናው ውስጥ ጥሎት ነው የሚወርደው።

ከሰው ሁሉ ይህን ጠባዩን ሳይቀልድበት የተቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሼ ሙሐመድአወል። ሁሉም ጋሼ አወል ይሏቸዋል። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወልደው ያደጉ፣ አሁን ብሮድ ስትሪት ላይ ትንሽ ጎማ ቤት ያላቸው፣ ፎረስት ፓርክ የሚኖሩ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ዘካርያስ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ እንደመጣ፣ ማንንም ሳያውቅ ዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ሲቀጠር ያገኘው እሳቸውን ነው። ያኔ እሳቸውም እዚያው ይሠሩ ነበር። መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንድ እግሩ ነዳጅ ላይ ሌላው እግሩ ፍሬን ላይ ሆኖ መኪናውን እንደ ፈረስ ሲያዘልለው ጊዜ ግራ ጫማውን አስወልቀው ከኋላ ወንበር ወረወሩት፤ «ባዶ እግርህን ይዘህ ቁጭ በል፣ እሱ ዛሬ ሥራ የለውም» አሉት። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን ከእሳቸው በቀር የደስታውን የሚነግረው ሰው አልነበረውም። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት በእሳቸው መኪና፣ አንድ ሳምንት በእሱ እየሆነ ሥራ ይሄዱ ነበር። የእሱ ተራ ሲሆን እሳቸው ፎረስት ፓርክ መውጫ ላይ ካለው ነዳጅ ማደያ፣ ከጋዝ ስቴሽኑ ጥግ ቆመው ይጠብቁታል።

ጎማ ቤቱን ከከፈቱ ወዲህ ግን የሚገናኙት እሑድ ማለዳ ሁቨር ግድብ ዳር ነው። ጋሼ አወል የንጋቱን ሱብሒ ሰግደው፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ። የምትታጠፍ ወንበራቸውን ከዘካርያስ ጀርባ ዘርግተው ይቀመጣሉ። እሱ ውኃውን ያያል፤ እሳቸውም ውኃውን ያያሉ። አንዳንዴ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ፀሐይ ትወጣለች። ዘካርያስ ለዚያ ዝምታ ምን ብሎ እንደሚያመሰግን አያውቅም ነበር። ጋሼ አወል ደግሞ ከሰው አንዳች ነገር የሚጠይቁ ሰው አይደሉም። አንድ ነገር ቢያዙኝ እያለ ስንት ዓመት ጠብቋል።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ጥቅምት እያለቀ ሲል፣ ሻያቸውን እየቀዱ፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን የጀርባህ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። አንድ ቀን እኔንም ታነሳኛለህ» አሉት። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሳይለይለት ቀረ። ማግስቱን ሥራ ላይ እያለ ቴክስት ገባለት። «ዘኪ፣ ሐሙስ ጠዋት ጎህ ሳይቀድ አንሳኝ። የተለመደው ቦታ እጠብቅሃለሁ።»

ዘካርያስ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። በመጨረሻ የጠየቁት ነገር ይህ ሆነ፤ እሱ የማይችለውን አንድ ነገር። «እሺ ጋሼ፣ በደስታ» ብሎ መለሰ። ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። ቤዝመንቱ ውስጥ ካፖርቱን የመወልወያ እንጨት ላይ ሰቅሎ፣ ኮፍያ ደፍቶለት ሰው ማንሳት ሲለማመድ ሰነበተ። መወልወያውንም ቢሆን ቀና ብሎ ለማየት አፈረ።

ሐሙስ ሁቨር ደረሰ። ገና ጨለማ ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን፣ ትራይፖዱን፣ ተከለ፤ ጋሼ አወል የሚቆሙበትን ቦታ መረጠ፤ ውኃው በግራቸው በኩል እንዲሆን፣ ብርሃኑ ከቀኝ እንዲመጣላቸው አሰበ። ጠበቀ። ዝይዎች ከማዶ ተንጫጩ፣ ዝም አሉ። ጋሼ አወል ከቀጠሮ ሲያረፍዱ አይቶ አያውቅም። ወደ መኪናው ሮጠ። ስልኩ ያልተመለሱ ጥሪዎች ተደርድረውበት፣ ከታች አንድ መልእክት ተጽፎበታል። «ልጄ ደህና ነህ? ብርድ ላይ ቆሜያለሁ።»

ደወለ። ገና ሳይጠራ አነሡት።

«የት ነህ?»

«ውኃው ጋ ነኝ ጋሼ። እርስዎስ?»

«የምን ውኃ? ጋዝ ስቴሽኑ ጥግ ነኝ እንጂ። ሻንጣዬን ይዤ።»

«የምን ሻንጣ?»

ቀስ ብለው፣ «አንሳኝ አላልኩህም?» አሉ።

«ብለውኛል። ትራይፖዱን ተክዬ እየጠበቅሁዎት ነው።»

ጋሼ አወል ነገሩን ነገሩት። ቫናቸው ትራንስሚሽኑ ሞቶ አልንቀሳቀስ ብላለች። ክሊቭላንድ የምትኖረው ልጃቸው ጀነት ዛሬ ጠዋት በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ኡሚ ሳምንት ቀድመው እዚያ ሄደዋል። እሳቸው ደግሞ ልጅቱ ከመግባቷ በፊት መድረስ አለባቸው። አንሳኝ ያሉት በመኪና ነው።

ዘካርያስ ትራይፖዱን እንደቆመ ጎትቶ ኋላ ወንበር ላይ አጋደመውና ነዳ። ሲደርስ ጋሼ አወል ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ መስገጃቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው፣ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቶ ቆመዋል። ቁጣ ጠብቆ ነበር። ገቡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ «አብሽር። ንዳ» አሉት።

አውራ ጎዳና ሰባ አንድን ይዘው ወደ ሰሜን ወጡ። ግራና ቀኙ በቆሎው ታጭዶ ባዶ የቀረ ጥቁር እርሻ ነው። የከባድ መኪኖቹ መብራት ብቻ ያልፋቸዋል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ጋሼ አወል በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። ከእንግዲህ ቴክስት ሳደርግልህ በመኪና ብዬ እጨምራለሁ አሉት። ዘካርያስ ግን መሳቅ አልቻለም። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት እሳቸው የልጃቸውን ነገር ጀመሩለት፤ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም።

ጀነት ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል። ሰባት ወር አልፎት ነበር። ያን ቀን ሆስፒታል ስትገባ አባቷን ጠርታ ነበር፤ እሳቸው ግን ጎማ ሲቀይሩ፣ ደንበኛ ሲሸኙ አርፍደው ደረሱ። እሷ አልወቀሰቻቸውም። ዘንድሮ ግን ሐኪሞቹ ቀን ሲቆርጡላት ደወለችና አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው። ሕፃን ሆና ስትታመም ያደርጉላት እንደነበረው፣ ከመግባቷ በፊት እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ዱዓ እንዲያደርጉላት።

«‹ያን ጊዜ እጅህ አልነበረም አባዬ› አለችኝ» አሉ ጋሼ አወል። «ሌላ ምንም አላለችኝም። እጅህ አልነበረም፣ ብቻ።»

ዘካርያስ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። አሁን የጠፋው ደቂቃ ምን እንደሆነ ገባው። ነዳጁን ረገጥ አደረገ፤ ጋሼ አወል ጉልበቱን መታ መታ አድርገው ፍጥነቱን አስቀነሱት። ፖሊስ ካስቆመን ጭራሽ አንደርስም አሉት።

ክሊቭላንድ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እትዬ ኡሚ ደወሉ። ስልኩ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ስለተያያዘ ድምፃቸው መኪናውን ሞላው። የት ደረሳችሁ አሉ። ወረፋው ቀድሟል፣ ሊያስገቧት የአልጋውን ፍሬን እየፈቱት ነው አሉ። ጋሼ አወል ትንሽ ያቆዩዋት እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ ኡሚ ከነርሷ ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ተሰማ፤ አይሆንም ተባሉ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ የጀነት ድምፅ መጣ። ቀጭን ነበር።

«አባዬ፣ ኢትስ ኦኬ። አትቸኩሉ። በሰላም ኑ።»

«መጣሁ ልጄ» አሉ ጋሼ አወል። «መጣሁ።»

የተሽከርካሪ አልጋ ጎማ ድምፅ ተሰማ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ዘካርያስ፣ «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለ።

«እኔና አንተ ምን አጠፋን?» አሉ ጋሼ አወል መንገዱን እያዩ። «ያጠፋው አማርኛው ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ቀልድ ነበረው፤ ፊታቸው ግን አልነበረውም። የምሥራቁ ሰማይ በበኩሉ እየሳሳ መጣ። ጋሼ አወል ሰማዩን ቀና ብለው አዩና ሱብሒ ሊያልፈኝ ነው አሉ። ፀሐይ ከወጣች አለፈ ማለት ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ገና ከተማውን አቋርጦ፣ መኪና ማቆሚያ ተፈልጎ ነው። እሷን እንደሆነ አሁን ቢደርሱም አያገኟትም። «ውኃ ያለበት አውርደኝ» አሉት።

ያን አካባቢ ዘካርያስ ለፎቶ ስለሚመላለስበት በደንብ ያውቀዋል። ከሐይዌዩ ወጣ፣ በዛፎች መሐል ጠመዝማዛውን መንገድ ወርዶ ኢሪ ሐይቅ ዳር አቆመ። አሸዋው ላይ ማንም የለም። ሰማይና ውኃ አንድ ቀለም ሆነዋል፤ የትኛው የት እንደሚያልቅ አይለይም። ማዕበሉ ትንንሽ ነው፣ ድምፁ ግን አላቋረጠም። ጋሼ አወል ማዶውን ፈለጉ፣ አጡት።

«ይኼን ነው ሐይቅ የምትሉት?» አሉ። «እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ሐይቅ ማለት ማዶው ያለ ሰው እሳት ሲያነድ የምታየው ነው። ይኼ ባሕር ነው።»

ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በዚያ በሚያደነዝዝ ውኃ ውዱእ አድርገው ካልሲያቸውን መልሰው አጠለቁ። መስገጃቸውን አሸዋው ላይ ዘረጉ። የሚሰግዱበት አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ ከዚያ በሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ፊታቸው ቀጥታ ወደ ውኃው ሆነ። ሊጀምሩ ሲሉ ዘወር አሉ። ዘካርያስ መኪናው አጠገብ እጁን አጣምሮ እንደ ጥፋተኛ ቆሞ ያያቸዋል።

«እንደሱ ተገትረህ ስታየኝ አልሰግድም» አሉት። «ከዚያ ሁሉ የጎተትከውን ካሜራ አውጣና ሥራህን ሥራ። ባሕሩን አንሳ። እኔ ብገባበትም ግድ የለኝም።»

«ደስ ይልዎታል?»

«እኔ ጊዜ የለኝም ዘኪ።»

ትራይፖዱን ከኋላቸው በስተግራ ራቅ አድርጎ ተከለ። ጥቁሩን መስታወት ገጠመ። እጁ እንደሚንቀጠቀጥ አስቦ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ፊታቸው አይታይም፣ ጀርባቸው ብቻ ነው፣ ከፊታቸው ውኃ። ጋሼ አወል ሁለት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲያነሡ እሱም የካሜራውን ዓይን፣ ሸተሩን፣ ከፈተ። አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር ብሎ ጀመረ።

ቆሙ። ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ። ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። አንደኛውን ረከዓ ጨርሰው ለሁለተኛው ተነሡ። ዘካርያስ ጸሎቱን እያከታተለ ብርሃኑን ይመዝናል። እንደ ልማዱ ቢሆን አሁን፣ ሁለተኛው ላይ ጎንበስ ሲሉ፣ መዝጋት ነበረበት። ምሥራቁ ከግራጫ ወደ ነጭ እየተለወጠ ነው። አንድ ጊዜ ቢደግም ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ ቢደግም ብርሃን በዝቶበት ሰማዩ ፎቶው ላይ መቃጠል ይጀምራል። ሊጨርሱ ነው ብሎ ታገሠ። ግንባራቸውን ሊደፉ ለመጨረሻው ሱጁድ ወረዱ።

አልተነሡም።

ማዕበሉ መጣ፣ ተመለሰ። የመስገጃው ጫፍ ረጠበ። የዘካርያስ አውራ ጣት የሸተሩ ገመድ ላይ ነው፤ ቢጫነው ፎቶው ይተርፋል። ሰማዩ ነደደ፤ ይህን ያህል ዓመት ሲያነሳ እንደዚህ ያለ ስሕተት እያወቀ ሠርቶ አያውቅም። ግን ያ ሰው ከአሸዋው ላይ ለማን እንደሚለምን ያውቃል። መዝጋት ከአፋቸው ላይ ቃል መንጠቅ መሰለው። ጣቱን ከገመዱ አነሣ። ጸሎቱም ተምታታበት፤ ፈቃድህ ይሁን የሚለው ላይ ደርሶ ወደፊት መሄድ አቃተው፤ አይቷት ለማያውቃት ለጀነት፣ ስሟን ጠርቶ መለመን ጀመረ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠረም።

በኋላ ጋሼ አወል ቀና አሉ፣ ተቀመጡ፣ ወደ ቀኝ ሰላም አሉ፣ ወደ ግራ ሰላም አሉ። ያኔ ሸተሩን ዘጋ። ፀሐይዋ ጥቂት ቆይታ ወጣች። የካሜራውን ስክሪን ሳያይ አጥፍቶ ከትራይፖዱ ጋር አነሣው፤ ሮጠው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሆስፒታል ሲደርሱ የጀነት ባል ሱሀይል ገና ከውስጥ አልወጣም። እትዬ ኡሚ ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ብቻቸውን መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሐቸውን፣ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ለባለቤታቸው ቦታ ለቀቁላቸው። ዘካርያስ ከሊፍቱ ጎን፣ የለስላሳ መሸጫው ማሽን አጠገብ ቆመ። የመጣ የሄደ ነርስ ሁሉ ፊት ላይ ዜና ይፈልጋል።

ሱሀይል ሰማያዊ ቆብ እንደደፋ ወጣ። ኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛ የሚወጣው ሲጨንቀው ነው። «ሴት ናት» አለ። «ሁለቱም ደህና ናቸው። ጀነት ኢዝ ፋይን። አባባ፣ ደህና ናት።» ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እትዬ ኡሚ አቅፈውት አብረው አለቀሱ። ጋሼ አወል አልሐምዱሊላህ አሉ፣ መልሰው አሉ፣ ሌላ ቃል የጠፋባቸው መስለው መላልሰው አሉ። ዘካርያስም ማሽኑን ተደግፎ ዓይኑን ጠረገ። ከማሽኑ በቀር ያየው አልነበረም።

ሊሄድ ፈልጎ ነበር። ሰዎቹ የራሳቸው ደስታ አላቸው፤ እሱ ደግሞ ይዞባቸው የመጣው መዘግየት ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን እትዬ ኡሚ መጥተው እጁን ያዙት።

«ባሌን ብርድ ላይ ያስቆምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«በል ና ግባ። ልጅቱ ልየው አለች።»

ጀነት አልጋው ላይ ጋደም ብላለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት። አባቷ ሳይነግሯት አልቀሩም፣ ዘካርያስን ስታየው ከንፈሯን ነከሰች። «ማመን አልቻልኩም» አለች። «ሰውዬው ጋዝ ስቴሽን፣ አንተ ከትራይፖድ ጋር ውኃ ዳር? ሪሊ?» መሳቅ ስትጀምር ሆዷን ያዘች። «አታስቁኝ፣ ስፌቴ።»

ጋሼ አወል የጠዋቱን ፎቶ፣ ያረፈድኩበትን ካሳ አሳያት አሉት። ዘካርያስ ተበላሽቷል፣ ሰማዩ ተቃጥሏል እያለ ቢከላከልም ካሜራውን ከትከሻው አስወረዱት። አብርቶ ሰጣት። ራሱም ያየው ያኔ ነው።

ሰማዩ እውነትም ነጥቶ ጠፍቷል። ባሕሩ ወተት ሆኗል። በመሐሉ ቆሞ የሚታይ ሰው አለ፤ ግን እንደ ጢስ የሳሳ፣ ከጀርባው ያለው ውኃ በውስጡ የሚያልፍ። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ የጎበጠ ሰው አለ፣ እሱም ጥላ ነው። ከሥር፣ መሬት ላይ ግን ግንባሩን የደፋ ሰው አለ፤ ጥቁር፣ ድፍን፣ ካልሲው ላይ ያለችው መጣፊያ እንኳ የምትለይ።

ጀነት ምስሉን በሁለት ጣቷ አቀረበችው።

«እነዚህ ሁሉ አባዬ ነው?»

«ሁሉም እሳቸው ናቸው» አለ ዘካርያስ። «ካሜራው የሰገዱትን ሙሉውን ነው ያየው። ጥቂት የቆዩበት ቦታ ይሳሳል። ብዙ የቆዩበት ይደምቃል።»

«እዚህ ጋ ብዙ ቆየ ማለት ነው?»

«በጣም። ፎቶው የተቃጠለው ለዚያ ነው።»

ጀነት ቀና ብላ አባቷን አየች። ጋሼ አወል የመስኮቱን መጋረጃ ያስተካክላሉ፤ መጋረጃው ግን ምንም አልሆነም።

«አባዬ፣ ምን እያልክ ነበር?»

«ምን እላለሁ። ጉልበቴ ይዞኝ ነው። እርጅና ነው።»

«የትኛው ጉልበት?» አሉ እትዬ ኡሚ። «ትናንትና በስልክ ጣሪያ ላይ ነኝ፣ ቅጠል እየጠረግሁ ነው ያለኝ ሰውዬ።»

ጀነት አልሳቀችም። ጣቷን የተደፋው ሰው ላይ አድርጋ ቆየች። ቀስ ብላ ተናገረች፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ሲያስተኟት መብራቱ ፊቷ ላይ እንደነበር፣ ብርድ ብርድ እንዳላት፣ ያለፈው ልጅ ትዝ ብሏት መንቀጥቀጥ እንዳልተዋት ነገረቻቸው። ከዚያ መሐል ላይ ፍርሃቱ ሲለቃት ታወቃት። «መድኃኒቱ ነው ብዬ ነበር» አለች።

ጋሼ አወል መጋረጃውን ተዉት። ወደ አልጋው መጡ፤ አንድ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ፣ ሌላውን እጃቸውን የሕፃኗ ቆብ ላይ አሳረፉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሚሉትን ማንም አልሰማም፤ እንደ ጠዋቱም አልረዘመም። ሲጨርሱ ጀነት እጃቸውን ይዛ ሳመችው።

«ጉልበትህ ይባረክ አባዬ» አለች።

እትዬ ኡሚ አሚን አሉ፣ ሱሀይልም አሚን አለ። ዘካርያስ ከበሩ ሥር ሆኖ አሜን አለ።